ከግራፉ በፊት አለቱ

ወደ ሙያችን አዲስ የሚገቡ መሐንዲሶች የነዳጅ ክምችት ሞዴል ሠርተው ሲጨርሱ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ግራፍ ነው። ኮምፒውተሩ ያሰላው መስመር ጉድጓዶቹ ባለፉት ዓመታት ከሰጡት ምርት ጋር ገጥሟል። ደስታቸው ይገባኛል። ጥያቄዬ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አለቱስ ምን ይላል?»

ድፍድፍ ነዳጅ የሚገኘው በአለት ደቃቅ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። እኛ አለቱን በስሌት በብዙ ሺህ ሣጥኖች እንከፍልና፣ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ሕግ ላይ ተመሥርተን ዘይትና ውኃ ከሣጥን ወደ ሣጥን እንዴት እንደሚያልፉ እናሰላለን። ፈተናው ያለው ከሣጥኑ እጅግ በሚያንሰው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ውኃ ዘይቱን እየገፋ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሲደርስ ዘይቱ ይቆራረጥና ጠብታው እዚያው ይታሰራል። የሚያስረው በሁለቱ ፈሳሾች መገናኛ ላይ ያለው የገጽ ውጥረት ነው፤ የተለመደው የውኃ ግፊት አያላቅቀውም።

ይኸው ኃይል ዘይት ሊያስለቅቅም ይችላል። በኖርዌይ የባሕር ክልል፣ በሰሜን ባሕር፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተገኘው ኤኮፊስክ ለዚህ ምስክር ነው። አለቱ ጠመኔ ነው፤ ባዶ ቦታው ብዙ፣ ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙ ትንሽ፣ ስንጥቁም የበዛ። መጀመሪያ ላይ ይወጣል ተብሎ የተገመተው ከክምችቱ 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ውኃ ቢጨመርበት በስንጥቁ ሮጦ ዘይቱን ጥሎት ያልፋል ተብሎ ተሠጋ። የአለቱ ናሙና ሲፈተሽ ግን ጠመኔው፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ፣ ውኃውን ወደ ውስጡ እየሳበ ዘይቱን ወደ ስንጥቁ አስወጣ። እ.ኤ.አ. በ1987 ውኃ በሰፊው መጨመር ተጀመረ፤ ዛሬ ከክምችቱ ከ50 በመቶ በላይ ይወጣል ተብሎ ይጠበቃል።

ያው ውኃ ግን ጠመኔውን አደከመው። የባሕሩ ወለል በምርቱ ምክንያት በመስመጡ በዚያው ዓመት የማምረቻ መድረኮቹ በ6 ሜትር ከፍ ተደርገው ነበር፤ የአለቱ ግፊት ካገገመ በኋላም ጠመኔው በመድከሙ መስመጡ ለዓመታት ቀጠለ። እንዲህ ያለውን የአለት ጠባይ ከምርት ግራፍ ብቻ ማንበብ አይቻልም።

የተለያዩ ሞዴሎች ያለፈውን ምርት እኩል ገጥመው ስለ መጪው የተለያየ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ። ስለዚህ ወጣት ባልደረቦቼን እለምናለሁ፦ ከጉድጓዱ የወጣውን ናሙና ሳታዩ ቁጥር አትምረጡ። ለውሳኔ ሰጪም ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት ከነምክንያቱ አቅርቡ።