ከውጭ የተቆለፈ በር፤ ብቻቸውን በቤት ስለሚቀሩ ሕፃናት

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ባለፈው ዓመት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በጎንደር ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ግቢው ሰባት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ከእኛ ግድግዳ ቀጥሎ ባለችው ክፍል አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ሴቲቱ በሕንፃ ሥራ ላይ አሸዋና ሲሚንቶ የምትሸከም የቀን ሠራተኛ ነበረች። ማለዳ ስትወጣ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ዘግታ ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ ትከፍታለች። እስከዚያው ድረስ ስድስት ዓመት ያልሞላት ሴት ልጇና ሁለት ዓመት የሆነው ወንድሟ እዚያው ውስጥ ናቸው። ሕፃኑ ሲያለቅስ በግድግዳው በኩል እንሰማለን። ለፈተና ስናጠና ልቅሶው ሲበዛብን ራዲዮኑን ከፍ እናደርግ ነበር። ጥፋቴም ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከልቅሶው ጋር የጢስ ሽታ መጣ። ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰብረን ስንገባ፣ እኅትየው ለወንድሟ ቆሎ ልትቆላለት ረመጡን ቆስቁሳ ኖሮ አጠገቡ የተሰቀለው ነጠላ ተያይዟል። ሕፃኑ መዳፉ ተቃጥሎ ያለቅሳል። ልጅቷ ግን የለችም። ብንጣራም መልስ አጣን። በመጨረሻ ከአልጋው ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግታና ፊቷን ሸፍና አገኘናት።

ማታ እናትየዋ ስትመጣ የግቢው ሰው ሁሉ «አንቺ ምን ዓይነት እናት ነሽ!» እያለ ወረደባት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ፣ «ለማን አደራ ልስጥ? እዚህ ማን ያውቀኛል?» አለች። የሚመልስላት አልተገኘም፤ ከመካከላችን ስሟን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረምና። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት ለዚያች ሴት ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው።

በአገር ቤት ልማዱ እንዴት ነው?

ሴቲቱ የመጣችው ከወገራ ደጋ ነው። በወገራም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅም ሆነ በጃን አሞራ ያለች እናት ቀኑን ሙሉ ከልጇ አጠገብ አትቀመጥም፤ አትችልምም። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ እህል ታስፈጫለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ በአረምና በአጨዳ ጊዜ እርሻ ላይ ትውላለች። ጡት የሚጠባው በአንቀልባ ታዝሎ አብሯት ይሄዳል። ጡት የጣለው ከአያቱ ወይም ከታላቅ እኅቱ ጋር ይቀራል። አራትና አምስት ዓመት የሞላው በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል። ስድስትና ሰባት የሞላው ግልገልና ጥጃ ይጠብቃል።

እንግዲህ በአገር ቤት «ብቻውን የቀረ ልጅ» ሲባል እናቱ የሌለች ልጅ ማለት ነው እንጂ ሰው የሌለው ልጅ ማለት አይደለም። ደጃፉ ክፍት ነው። ከአንዱ ቤት ያልተለመደ ጢስ ቢነሣ ከሌላው ቤት ይታያል። ገበያ የምትወጣው ሴት በአጥሩ ላይ ሆና «ልጆቼን አደራ፣ እያያችሁልኝ» ብላ ሳትጣራ አትሄድም፤ ሌላ ቀን ደግሞ እርሷ የሌላይቱን ልጆች ታያለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለጌጥ አይደለም፤ የሥራ ደንብ ነው።

ይሁን እንጂ አገር ቤቱን ገነት አድርጌ ላቀርበው አልሻም። በአጨዳ ጊዜ ጎረቤቱም አብሮ እርሻ ይወርዳልና መንደሩ ባዶ ይሆናል። ታላቂቱ እኅት ሕፃን አዝላ ስትውል ከትምህርቷ ትቀራለች። ደጋው ብርድ ስለሆነ እሳት ከቤት አይጠፋም፤ ቃጠሎ በዚያም ሕፃናትን ይጎዳል። ነገር ግን አደጋው በደረሰ ጊዜ የሚሰማ ጆሮና የሚከፈት በር አለ።

ከተማው ምን ለወጠ?

ከደጋው ወደ ከተማ የሚያወርደው ምክንያት ብዙ ነው። መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ያንሳል፤ ትዳር ይፈርሳል፤ ባልም በክረምት ለሰሊጥ አረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ለአጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳል። ከወረዱት ጥቂት ገንዘብ ይዞ የሚመለስ አለ፤ ወባ ወይም ካላዛር ይዞ የሚመለስ አለ፤ ከነጭራሹ የማይመለስም አለ። ሚስቲቱ ልጆቿን ይዛ ከተማ ስትገባ ልማዷን ይዛ ትገባለች፤ ጎረቤቷን ግን ይዛ አትገባም። የአደራውን ቦታ ጓጉንቸር ይወስደዋል።

በዚህ ላይ ብዙ አከራዮች ልጅ ላለው ሰው ማከራየት አይወዱም። ስለዚህ እናት ልጆቿን «እንዳታለቅሱ፣ ጌቶች ያስወጡናል» ብላ አስጠንቅቃ ትሄዳለች። በአገር ቤት የሕፃን ልቅሶ ጎረቤትን የሚጠራ ድምፅ ነበር፤ በኪራይ ቤት የሚደበቅ ነውር ሆነ።

ቁልፉ የማይከላከለው አደጋ

እናትየዋ በሩን የምትቆልፈው ከጭካኔ አይደለም፤ ልጆቿን ከመኪና፣ ከሌባና ከክፉ ሰው ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን አብዛኛው አደጋ ቀድሞውንም አብሮ ተቆልፎበታል። ይህን በዝርዝር እንመልከተው።

አንደኛው ረመጥ ነው። እሳት እንዳይጠፋ በአመድ ይዳፈናል። የተዳፈነው ረመጥ ላዩ ቀዝቃዛ አመድ ይመስላል፤ ለሚድኽ ሕፃንም ከተራ አፈር አይለይም። ምድጃውም ሆነ ጉልቻው መሬት ላይ ስለሆነ ከእጁ አይርቅም። ሁለተኛው ከሰል ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታም መልክም የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ ይህም የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ሦስተኛው ውሃ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከቀረው አካሉ አንጻር ከባድ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ ቢደፋ ራሱን ቀና ማድረግ ያቅተዋል፤ ለሞትም ጥቂት ውሃ ይበቃል። አራተኛው በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪናና ነጭ ጋዝ ነው፤ ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነውና ይጠጣዋል።

አምስተኛው የማይታይ ነው፤ እርሱም ፍርሃት ነው። ትንሽ ልጅ የሰዓትን ርዝመት አያውቅም። «ቶሎ እመጣለሁ» ቢሉት ቶሎ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ሊለካው አይችልም። እኛም ልጁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ብለን «አያ ጅቦ ይበላሃል» እንለዋለን። ታዲያ እሳት በተነሣ ጊዜ ምን ያደርጋል? ትንንሽ ልጆች ከእሳት ወደ ውጭ በመሸሽ ፈንታ ብዙ ጊዜ ከአልጋ ሥር ወይም ከዕቃ ኋላ ይደበቃሉ። በሩ ተቆልፏል፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ ጅብ አለ ተብሏል። ጎረቤታችን የነበረችው ልጅ ለምን እንዳልመለሰችልን የገባኝ ይህን ሳውቅ ነው።

«ታላቋ ትጠብቀዋለች» የሚለው መጽናኛም ብዙ አያስኬድም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ በየአገሩ በሚያደርገው የቤተሰብ ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በሳምንት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ከ1 ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ ብቻውን ወይም ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ሌላ ልጅ ጋር ከቀረ በቂ ጥበቃ እንዳላገኘ ይቆጥረዋል። በዚህ መለኪያ የ6 ዓመቷ እኅት ጠባቂ አይደለችም፤ እርሷም ራሷ ጠባቂ የሚያስፈልጋት ሕፃን ናት።

ቸልተኛው ማነው?

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን የወላጆቹን ወይም የአሳዳጊዎቹን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 576 በአደራው ሥር ያለውን ልጅ የሚያንገላታን፣ ችላ የሚልን፣ ከአቅሙ በላይ የሚያሠራን ወይም የሚደበድብን ሰው እስከ ሦስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል፤ በልጁ ጤና ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ይከብዳል። ሕጋችን «ከዚህ ዕድሜ በታች ያለ ልጅ ብቻውን አይቅር» ብሎ የቆረጠው ዓመት የለም። የእንግሊዝ ሕግም ቢሆን ዕድሜ አልቆረጠም፤ ልጅን ለአደጋ አጋልጦ መተውን ግን ወንጀል አድርጎታል።

በእኔ አስተያየት ሁለት ዓይነት ወላጅ ለይተን ማየት ይገባናል። አንደኛው መሄጃ እንጂ መቅሪያ ያጣ ነው። የዕለት ደመወዟን ካልሠራች ልጆቿ ጾማቸውን ያድራሉ፤ ከረኀብና ከብቸኝነት አንዱን ትመርጣለች። ሁለተኛው መቅረት ሲችል የሚሄድ፣ መንገር ሲችል የማይነግር ነው። ጠላ ቤትና አረቄ ቤት አምሽቶ ልጆቹ በጨለማ መቆየታቸውን የማያስብ ሰው ከዚህ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ልጆች ብቻቸውን ቀሩ በተባለ ቁጥር የምንጠይቀው «እናታቸው የት ሄደች?» ብለን ነው። «አባታቸውስ?» የሚል እምብዛም አይሰማም። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አባትና እናት በጋብቻቸው ዘመን በጋራ የልጆቻቸው አሳዳሪና ሞግዚት እንደሆኑ ይደነግጋል። በዚያች ምሽት በግቢያችን ሰባት ሰው በአንዲት ሴት ላይ ሲጮኽ፣ የልጆቹን አባት ስም ያነሣ አልነበረም።

ምን ይደረግ?

መንግሥት በዚህ ረገድ ምንም አላሰበም ማለት አይቻልም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ለእናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ዜሮ ክፍልም ለስድስት ዓመት ልጅ መዋያ ሆኗል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ ግን በቋሚነት የሚቀጥራት መሥሪያ ቤት ለሌላት፣ አሸዋ ለምትሸከም፣ በየቤቱ እየዞረች ልብስ ለምታጥብና እንጀራ ለምትጋግር ሴት አይደርሱም። ማቆያ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በቢሮ ሳይሆን የቀን ሠራተኛ በሚሰለፍበትና ገበያ በሚውልበት ሠፈር ነው።

እስከዚያው ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። አንደኛ፣ ከግቢው ውስጥ አንድ ሰው ትርፍ ቁልፍ ይያዝ። የማይከፈት በር ጥበቃ አይደለም። ሁለተኛ፣ ወላጅ ከቤት ሲወጣ እሳቱን በአመድ አያዳፍን፤ በውሃ ያጥፋው፤ ባልዲውንም ይድፋ። ሦስተኛ፣ ልጅ «እሳት ካየህ ውጣ፣ ጩኽ» ተብሎ ይማር፤ አያ ጅቦም ይቅር። አራተኛ፣ ልጅ የተቃጠለ እንደሆነ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስና ቶሎ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ይመርዛል። በዚያች ቀን ቅቤ ይዘው የሮጡ ጎረቤቶቻችን ደግ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደላቸው ይህ እውቀት ነው።

እኛስ ተማሪዎቹ? በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መቋቋሙን እናውቃለን። ዛሬ የምንማርበት ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። የቀድሞዎቹ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደየገጠሩ ከተማ እየወጡ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሕዝቡን ኑሮ ያጠኑና ያስተምሩ ነበር። እኛ ግን ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገን፣ በአንድ ግድግዳ ብቻ የተለየንን ቤት አላየንም። ስለ ድኻው ሕዝብ በስብሰባ ላይ መናገር ይቀለናል፤ የጎረቤትን በር አንኳኩቶ «ቁልፉን እኔ ልያዝልሽ» ማለት ግን ከበደን።

የሕፃኑ መዳፍ ድኗል፤ ሁለት ጣቶቹ ግን እንደ ልብ አይዘረጉም። እኅቱ ዜሮ ክፍል ገብታለች። እርሱን ደግሞ የቤቱ ባለቤት እማማ ከእናቱ ጋር ተነጋግረው ቀን ቀን ከእርሳቸው ዘንድ ይውላል። የክፍሏ ትርፍ ቁልፍ በእኛ በር አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የሴቲቱን ስም ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን። አንባቢ ሆይ፤ በግድግዳህ በኩል የሚያለቅሰውን ልጅ እናት ስም አንተስ ታውቀዋለህን?