ጠበቃ፥ ነገረ ፈጅ፥ ቀብድ፦ ስለ ቤት ግዥ ስያሜዎች

በእንግሊዝና በዌልስ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የመጀመሪያ ቤታቸውን ለመግዛት ሲነሡ «ጠበቃ ያዙ» ይባላሉ። ምክሩ ቅን ነው፤ ቃሉ ግን ያሳስታል። ጠበቃ በአማርኛ ከሁሉ አስቀድሞ በችሎት ቆሞ የሚከራከር ሰው ነውና ገዢው አንደበተ ርቱዕ ሰው ፍለጋ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ግን ለዚህ ጉዳይ ችሎት የማይረግጥ ሰነድ መርማሪ ነው። የብዙ ዓመት ጥሪት በሚወጣበት ነገር የስያሜው ስሕተት የምርጫ ስሕተት ስለሚያስከትል፥ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ስያሜዎችን እንመረምራለን።

በዚያ አገር ሶሊሲተር ለሚባለው የሕግ ባለሙያ ነገረ ፈጅ የሚለውን እንመርጣለን። በአገራችን ነገረ ፈጅ የመሥሪያ ቤት ተቀጣሪ እንደ ሆነና ችሎትም እንደሚቀርብ አንዘነጋም። ሆኖም ነገር ማለት ሙግት ብቻ ሳይሆን ጉዳይም ስለ ሆነ፥ ቃሉ የሰውን ጉዳይ ይዞ ለሚያስፈጽም ባለሙያ ከጠበቃ ይልቅ ይቀርባል። ከነገረ ፈጅ ሌላ በዚሁ ሥራ ብቻ የሚሠራ ፈቃድ ያለው ኮንቬያንሰር አለ፤ የዚህ ሙያ ተቆጣጣሪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው። ለእርሱ «ስም አዛዋሪ» የሚል ስያሜ ቢታሰብም፥ ስም ማዛወር የሥራው መጨረሻ እንጂ ሥራው ሁሉ ስላልሆነ «የሀብት ዝውውር ባለሙያ» ይሻላል እንላለን።

ለገዢው ከሁለቱ የትኛውም ይበቃዋል። ይልቅስ መዝገቡን በእጁ ይዞ የሚሠራው ማን እንደ ሆነ፥ አበዳሪው ባንክ ድርጅቱን ይቀበለው እንደ ሆነ፥ የተነገረው ዋጋ የምርመራና የምዝገባ ወጪን ይጨምር እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ደላላው «የኛን ሰው ያዙ» ሲልም ይጠንቀቅ፤ በዚያ አገር የቤት ደላላ እንደ ደንቡ የሻጭ ወኪል ነው፥ ደንበኛ ስለ መራም ከባለሙያው ክፍያ ሊያገኝ ይችላል።

ሊዝ የሚለው ቃልም ወጥመድ አለበት። በኢትዮጵያ ሊዝ ሲባል የከተማ መሬት ከመንግሥት በዘመን ተወስኖ መያዝ ነው። በእንግሊዝ ግን አከራዩ ብዙ ጊዜ የግል ባለሀብት ነው፤ በዘመን የሚያዘውም በአብዛኛው የፎቅ ቤት ክፍል ነው። የቀረው ዘመን ሲያጥር ባንክ ሊያበድርበት እምቢ ይላል። ስለዚህ «በዘመን የተወሰነ ይዞታ» ብንለው እንመርጣለን፤ እንዲህ ያለ ቤት የሚገዛም በዚህ ዓይነት ውል የለመደ ባለሙያ ይፈልግ። ዘመን የሌለውን ይዞታ ርስት ብሎ መተርጐም ግን አይገባም፤ ርስት የትውልድ መብት ትርጉም ይጫነዋል፥ ይህኛው ግን በገንዘብ የሚገዛ ነው።

ከሁሉ የከፋው ቀብድ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ለቅቆ፥ ተቀባዩም እጥፍ መልሶ ውሉን ማፍረስ ይችላሉ። ቀብድ በዚህ አሳብ የመውጫ በር ነው። በእንግሊዝ ግን ውል ሲለዋወጡ የሚከፈለው ገንዘብ፥ በተለምዶ ከዋጋው 10 በመቶ፥ በሩን የሚዘጋ ነው። ገዢው ቢያፈገፍግ ገንዘቡን ከማጣቱም በላይ ለተጨማሪ ኪሣራ ሊከሰስ ይችላል፤ ሻጩም ቢያፈገፍግ እጥፍ የመመለስ ደንብ የለም። ስለዚህ «የውል ማሰሪያ» የሚለውን እናቀርባለን።

ውል መለዋወጥ የሚባለውም ሁለቱ ወገኖች የፈረሙባቸውን ተመሳሳይ ሰነዶች በባለሙያዎቻቸው በኩል የሚቀያየሩበት ተግባር ነው። ከዚያ በፊት የቃል ስምምነት ማንንም አያስርም፤ ሻጩ ለሌላ ቢሸጥ ገዢው የሚከስበት ውል የለውም። እንግዲህ የባለሙያው ፍጥነት ዋጋ የሚኖረው በዚህ ጊዜ ነው።

የመጨረሻውን ደረጃ «ርክክብ» እንበለው፤ ቀሪው ገንዘብ ይከፈላል፥ ቁልፍም ይሰጣል። በእንግሊዝ ግን ባለሙያው ከርክክቡ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ የግዥ ታክስ ማስታወቂያ ማቅረብ፥ ቀጥሎም የገዢውን ስም በመሬት መዝገብ ማስገባት ይቀረዋል።