ስኮርታ ወይስ ማሸጊያ ፈሳሽ?

ከአዲስ አበባ በአለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ ሰው ጥያ ላይ ቆም ማለቱ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች እዚያ ናቸውና። ለመሆኑ እዚያ አካባቢ ጎማ ቢተነፍስስ? በተቀያሪ ጎማ፣ ሾፌሮች ስኮርታ በሚሉት ፋንታ፣ አንድ ጠርሙስ ማሸጊያ ፈሳሽ መያዝ ይበቃል?

ፈሳሹ በቫልቩ በኩል ይገባና ጎማው በመንፊያ ይነፋል። መኪናው ሲንቀሳቀስ አየሩ ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፤ በውስጡ ያለው የላስቲክ ቅንጣት ተጠራቅሞ ይደፍነዋል። ክሪክ አያስፈልግም፣ ልብስም አይቆሽሽም። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ፈሳሹ የሚደፍነው መሬት በሚነካው የጎማ ክፍል ላይ ያለን፣ በአብዛኛው ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የሚስማር ቀዳዳ ነው። ስለታም ድንጋይ የጎማውን ጎን ከቀደደው ግን ምንም አይፈይድም። ቢደፍንም በዝግታ ጎሚስታ ጋ እስኪደረስ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ጎሚስታ ቅርብ ነው፤ ገጠር መንገድ ላይ፣ ያውም ከመሸ፣ የት ይገኛል?

ጥያቄው የሾፌሩ ምርጫ ብቻም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ስኮርታ የላቸውም፤ ፈሳሽና መንፊያ ብቻ ነው ያላቸው። መኪና የሚገዛ ሰው ኮፈኑን ብቻ ሳይሆን የኋላ ዕቃ መጫኛውንም ከፍቶ ይይ።

በመሆኑም ከከተማ የሚወጣ ሰው ስኮርታ፣ ክሪክና ጎማ መፍቻ ይያዝ፤ ፈሳሹ ተጨማሪ ይሁን፣ የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉም ይታይ። ስኮርታውም በቂ አየር ይኑረው። የተነፈሰ ስኮርታ ሸክም ነው።