ራሳጊሊን ምን ይሠራል? ስለ ፓርኪንሰንና ስለ ማኦ-ቢ

አንድ ተከታያችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «አሜሪካ ያለችው እናቴ ፓርኪንሰን አለባት። ከሌቮዶፓው ላይ ራሳጊሊን የሚባል ጨመሩላት። ሥራው ምንድን ነው?» ጥያቄው ለብዙዎቻችሁ ስለሚጠቅም እዚሁ ልመልስ።

ራሳጊሊን ማኦ-ቢ የሚባለውን የአንጎል ኢንዛይም ያግዳል። ይህ ኢንዛይም ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የታወቀው በአንድ አሳዛኝ አጋጣሚ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሄሮይን ነው ተብሎ የተሸጠ ሰው ሠራሽ ዕፅ የወሰዱ ወጣቶች በቀናት ውስጥ ሰውነታቸው ደርቆ መንቀሳቀስም መናገርም አቃታቸው። ምልክቱ ቁርጥ ፓርኪንሰን ነው። የነርቭ ሐኪሙ ዊልያም ላንግስተን ነገሩን ሲከታተሉት፣ ዕፁ ሲቀመም ኤምፒቲፒ የሚባል ኬሚካል ገብቶበት ተገኘ።

ኤምፒቲፒ ግን ብቻውን ሴል ገዳይ አይደለም። መርዝ የሚያደርገው ማኦ-ቢ ነው። ኢንዛይሙ በብዛት ያለው ነርቮችን በሚደግፉ አጋዥ ሴሎች ውስጥ ነው፤ የዘወትር ሥራውም ዶፓሚንን፣ ማለትም በፓርኪንሰን የሚያንሰውን የእንቅስቃሴ መልእክተኛ ኬሚካል፣ መሰባበር ነው። ኤምፒቲፒ ሲመጣለት ወደ ሌላ ኬሚካል ይለውጠዋል። ያ ኬሚካል ከአጋዥ ሴሉ ይወጣና ዶፓሚን በሚገባበት በር ጎረቤት ነርቭ ውስጥ ይገባል፤ ኃይል አምራቹን ማይቶኮንድሪያ ያሰናክላል። የሚሞተው እንግዲህ ጎረቤቱ ነው። በእንስሳት ላይ ማኦ-ቢን አስቀድመው ሲያግዱት ኤምፒቲፒ ጉዳት ማድረሱን ተወ።

አብዛኛው የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ኤምፒቲፒን በዓይኑም አላየው። ሆኖም ማኦ-ቢ ዶፓሚንን በሰበረ ቁጥር ሴልን ሊጎዳ የሚችል ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፣ ኢንዛይሙም ከዕድሜ ጋር ይበዛል። ስለዚህ «ብናግደው በሽታውን እናዘገየዋለን» የሚል ትልቅ ተስፋ ነበር። 800 ሕሙማን የተሳተፉበት ዳታቶፕ የተባለው ጥናት፣ እንደ ራሳጊሊን ማኦ-ቢን የሚያግደው ሴሌጊሊን ሌቮዶፓ የሚጀመርበትን ጊዜ እንደሚያዘገይ አሳየ። ውሎ አድሮ ግን ጥቅሙ በአብዛኛው ምልክቱን ማስታገስ እንጂ ነርቭን ከሞት ማዳን አለመሆኑ ታየ።

ባጭሩ፣ ዶፓሚንን በእንስራ ውስጥ እንዳለ ውሃ ብናስበው፣ ሌቮዶፓ እንስራው ላይ ውሃ ይጨምራል፤ ራሳጊሊን ቀዳዳውን ያጠባል። እንቅስቃሴ ያቀላል፣ በሽታውን ግን አይነቅልም።

አደራ፦ ትራማዶል፣ ፔቲዲን እና ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕ ከራሳጊሊን ጋር አይወሰዱም። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።