ዘይቱ ሳያልቅ የሚነሣው ጦርነት

በምድር ውስጥ ያለው ነዳጅ ዘይት አንድ ቀን ያልቃል፤ ያለቀ ዕለትም ታላላቆቹ መንግሥታት በመጨረሻዋ ጠብታ ላይ ይተላለቃሉ የሚለው አሳብ በእኛ በተማሪዎች መካከል ደጋግሞ ሲነገር እንሰማለን። አሳቡ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ይሁን እንጂ የጦርነቱን ምክንያት በዘይቱ ማለቅ ላይ ብቻ መጣል ያሳስታል ብለን ስለምናምን፥ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር እንሞክራለን። (በሌላ ካልጠቀስን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ዓለም በየቀኑ 100 ሚሊዮን በርሜል ያህል ዘይት ይፈጃል። አንዱ በርሜል 159 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ ለምድር ሕዝብ ሁሉ በእኩል ቢታደል ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ያህል ይደርሰው ነበር። ዕደላው በወረቀት ላይ ብቻ መሆኑን በኩራዝ ለሚያመሽ ገበሬ መንገር አያስፈልግም። ተገኝቶ የተመዘገበው የዓለም ክምችት 1.7 ትሪሊዮን በርሜል ገደማ ነው። ይህ ለዛሬው ፍጆታ ሲካፈል ሃምሳ ዓመት እንኳ አይሞላም። አኃዙን ያየ ሁሉ ይደነግጣል። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት ይኸው ሒሳብ ሲሠራ የሚወጣው መልስ ከአርባ ዓመት ብዙ የማይርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ሁሉ ስናቃጥል ኖረን ቀሪው ዘመን አለማጠሩ ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ይህ ነው። «የተመዘገበ ክምችት» የሚባለው በጊዜው ዋጋና በጊዜው ጥበብ ቢወጣ ትርፍ የሚሰጠው ዘይት ብቻ ነው እንጂ፥ በምድር ውስጥ ያለው ሁሉ አይደለም። ዋጋ ሲጨምር ወይም የመቈፈሪያው ብልሃት ሲሻሻል፥ ትናንት የማያዋጣ የነበረው ዛሬ ይቈጠራል። ኪንግ ሀበርት የተባለው አሜሪካዊ የከርሠ ምድር ሊቅ የአገሩ የዘይት ምርት ከ1965 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ገደማ ጫፍ ደርሶ እንደሚወርድ በ1956 ተነበየ። ብዙዎች ቢስቁበትም በ1970 እንዳለው ሆነ። ሀበርት ያላየው ግን ከዓለቱ ውስጥ በውሃ ግፊት እየሰነጠቁ ዘይት ማውጣት የሚቻልበት ዘመን መምጣቱን ነው፤ በዚህም ዘዴ አሜሪካ በ2023 በቀን ወደ 13 ሚሊዮን በርሜል አወጣች። ይህንንም ያህል ከዚያ በፊት ያወጣ መንግሥት የለም።

ታዲያ የሚያልቀው ምንድን ነው? የሚያልቀው ርካሹ፥ ለመቈፈር የሚቀለውና ለባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ቅርብ የሆነው ዘይት ነው። የእንግሊዝ የሰሜን ባሕር ምርት ከ1999 በኋላ ማሽቈልቈል ጀመረ። በዓለም ከተመዘገበው ክምችት ግማሽ ያህሉ ግን የሚገኘው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ቀረ የሚለው ብቻ ሳይሆን፥ የቀረው በማን እጅ ነው፥ በየትኛው በር ያልፋል፥ በሩንስ ማን ይዘጋዋል የሚለው ጭምር ነው። ለመንግሥታት ጦር መምዘዝ ምክንያት ሆኖ ያየነውም ባዶ ጉድጓድ ሳይሆን፥ «ሌላው ይከለክለኛል» የሚለው ፍርሃት ነው።

ይህ ፍርሃት የተወለደበትን ጊዜ መናገር ይቻላል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የሚሄዱት ከገዛ አገራቸው ከዌልስ በሚወጣ የድንጋይ ከሰል ነበር። በ1911 የባሕር ኃይሉን የያዘው ዊንስተን ቸርችል መርከቦቹ ወደ ዘይት እንዲዞሩ አደረገ፤ ፍጥነትን አገኘ፥ ነገር ግን በእንግሊዝ ምድር ዘይት አልነበረም። ስለዚህ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንቶች ሲቀሩ፥ በ1914፥ የእንግሊዝ መንግሥት በፋርስ ዘይት የሚያወጣውን ኩባንያ አክሲዮን ከግማሽ በላይ ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ለለንደን የቤቷ ጓዳ ሆነ።

አሁን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ወደ ሆነው ታሪክ እንለፍ። በኦገስት 1935 መጨረሻ፥ የኢጣልያ ጦር በድንበራችን ላይ ተሰልፎ ሳለ፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ፍራንሲስ ሪኬት ለሚባል እንግሊዛዊ የኩባንያ ወኪል ዘይት የመፈለግና የማውጣት መብት ሰጠ። ውሉ የአገሪቱን ግማሽ ያህል የሚሸፍን፥ ዘመኑም 75 ዓመት ነበር። ከሪኬት በስተኋላ የነበረው የአሜሪካ የዘይት ኩባንያ ነው። የመንግሥታችን አሳብ ግልጽ ነበር፤ የአሜሪካ ገንዘብ በምድራችን ላይ ከተተከለ የአሜሪካ መንግሥትም ገንዘቡን ለመጠበቅ ሲል ኢጣልያን ይገታልናል የሚል ነው። ብልሃቱ መጥፎ አልነበረም፤ ነገር ግን ዋሽንግተን በነገሩ ውስጥ ላለመግባት ብላ ኩባንያውን ስለ ተጫነችው በጥቂት ቀኖች ውስጥ ውሉ ፈረሰ። በኦክቶበር 3 የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

የመንግሥታቱ ማኅበር ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ፈረደና ከኖቬምበር 18 ቀን 1935 ጀምሮ የንግድ ማዕቀብ ጣለባት። ለኢጣልያ እንዳይሸጡ ከተከለከሉት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ፈረስ፥ በቅሎ፥ አህያና ግመል ይገኛሉ። ጎማም አለበት። ዘይት ግን የለበትም። አንባቢ ልብ ይበል፤ የሙሶሊኒ አይሮፕላኖችና ካሚዮኖች በበቅሎ አይሄዱም ነበር። አሜሪካ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች ብንከለክልም እርሷ ትሸጥለታለች የሚል ምክንያት ቀረበ፤ ሙሶሊኒ ደግሞ ዘይት መከልከልን እንደ ጦርነት እቈጥረዋለሁ ብሎ ስለዛተ ፓሪስና ለንደን ፈሩ። ስዊዝም ሳይዘጋ ቀረ። ማኅበሩ ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ ግን በፌብሩዋሪ 1936 ባቀረበው መግለጫ፥ ክልከላው በሁሉም ዘንድ ከጸና ከሦስት እስከ ሦስት ወር ተኩል በሚሆን ጊዜ ውስጥ ውጤቱ እንደሚታይ አስታወቀ። ሒሳቡን እኛው እንሥራው። ዘይት ከመጀመሪያው ከበቅሎው ጋር ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ፥ ሦስት ወር ተኩሉ የሚሞላው በማርች 1936 መጀመሪያ ነበር። የማይጨው ጦርነት የተደረገው በማርች 31 ነው። በ1938 በሙኒክ ሙሶሊኒ ራሱ ለሂትለር፥ ዘይት ቢከለከል ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ መውጣት ግድ ይሆንብኝ ነበር ብሎ እንደ ነገረው የሂትለር አስተርጓሚ ጽፏል። ሳምንቱ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ከሊቃውንቱ ግምት ጋር ይስማማል።

ከስድስት ዓመት በኋላ በሩቅ ምሥራቅ ተቃራኒው ተደረገ። ጃፓን ከምትጠቀምበት ዘይት 80 በመቶ ያህሉን የምትገዛው ከአሜሪካ ነበር። በጁላይ 1941 ጦሯን ወደ ደቡብ ኢንዶቻይና ባገባች ጊዜ አሜሪካ ገንዘቧን አገደች፤ ወዲያውም ዘይቱ ተቋረጠ። የጃፓን ባሕር ኃይል በጋኖቹ ያከማቸው ከሁለት ዓመት ብዙ የማያሳልፍ ነበር። እንግዲህ ጀነራሎቹ የቀን መቍጠሪያ ይዘው ተቀመጡ፤ በዘገዩ ቍጥር ጋኑ ይጐድላል። ወይ ከቻይና መውጣት፥ ወይም ሆላንድ በምሥራቅ ሕንድ ደሴቶች የያዘችውን የዘይት ጉድጓድ መንጠቅ ነው። ሆላንድ ራሷ በጀርመን ተይዛ ስለ ነበር ጠባቂው ደካማ ነበር። ወደዚያ ስንሄድ ከጐን እንዳይመታን ብለው በዲሴምበር 7 ቀን የአሜሪካን መርከቦች በሐዋይ ደበደቡ። ጉድጓዶቹን በ1942 መጀመሪያ ያዙ፤ ዘይቱን ግን ወደ አገራቸው ማድረስ አልሆነላቸውም፤ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች የጫኑትን እየለቀሙ አሰጠሙባቸው። በመጨረሻው ሕዝቡ የጥድ ሥር እየቈፈረ ነዳጅ ለማውጣት ተገደደ።

ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ዘይት ባለመከልከሉ ኢትዮጵያ ተወረረች፤ ዘይት በመከልከሉ ደግሞ ፓሲፊክ በእሳት ተያያዘ። የትኛው ነው ትክክል? ለእኛ እንደሚመስለን ልዩነቱ ያለው በተከልካዩ አቅራቢያ ነው። ኢጣልያ በእጇ የሚደርስ፥ ጠባቂ የሌለው የዘይት ጉድጓድ አልነበራትም። (ሊቢያን ይዛ በዘይት ባሕር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ለሽያጭ የሚበቃው ዘይት የተገኘው ግን ኢጣልያ ከወጣች በኋላ በ1959 ነው።) ጃፓን ግን በጥቂት ቀን የባሕር ጕዞ ላይ ደካማ ጠባቂ ያለው ጓዳ ነበራት። የመከልከል ፍርሃትና ያልተጠበቀ ጉድጓድ የተገናኙ ጊዜ አደጋው ከፍ ይላል።

ይህን ሚዛን ይዘን በኋላ የሆኑትን ብንመለከት ብዙው ይገባናል። በ1990 ኢራቅ ከኢራን ጋር ካደረገችው የስምንት ዓመት ጦርነት በዕዳ ተዘፍቃ ወጥታ ነበር፤ የዘይት ዋጋም ወርዶባታል፤ ኩዌት ደግሞ ትንሽ፥ ሀብታምና ጎረቤት ነበረች። ሳዳም ሁሴን በኦገስት 2 ገባ። ኩዌት በእጁ ብትቀር ኖሮ ከዓለም ክምችት አንድ አምስተኛ ያህሉ የእርሱ ይሆን ነበር። አሜሪካ ግን ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 ማንም የውጭ ኃይል ባሕረ ሰላጤውን ለመያዝ ቢሞክር በጦር እንመልሳለን ብሎ ካወጀ ወዲህ በሩን የራሷ አድርጋ ትጠብቅ ነበር። የኢራቅ ጦር በ1991 ሲሸሽ ከ600 በላይ ጉድጓዶችን አቃጠለ፤ የመጨረሻው የጠፋው በኖቬምበር ነው።

አንዳንድ ሊቃውንት ይህንኑ ምሳሌ ይዘው፥ ለዘይት ተብሎ የሚደረግ ጦርነት ተረት ነው፤ የያዙት ጉድጓድ ይቃጠላል፥ ሕዝቡ ያምፃል፥ ኩባንያው ይሸሻል፤ ስለዚህ መግዛት ከመዝረፍ ይረክሳል ይላሉ። ጀርመኖችም በ1942 ማይኮፕ ሲደርሱ ያገኙት የተበላሸ ጉድጓድ ነው። ክርክሩን እንቀበለዋለን፤ ነገር ግን የሚያስረዳው ጦርነቱ ኪሳራ መሆኑን ነው እንጂ አለመነሣቱን አይደለም። ቶኪዮም ሒሳቡን አልሳተችውም፤ ጋኑ ሲጐድል አየች እንጂ።

ዛሬ የጃፓንን ቦታ ማን ይዞታል ቢባል፥ ብዙዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ቻይና ነው። ቻይና የዓለም ትልቋ የዘይት ገዢ ናት። በ2024 በሆርሙዝ ሰርጥ በቀን 20 ሚሊዮን በርሜል ያህል፥ ማለትም ከዓለም ፍጆታ አንድ አምስተኛው፥ ያልፍ ነበር፤ አብዛኛውም የሚሄደው ወደ እስያ ነው። ሰርጡ በጠበበበት ስፍራ ወርዱ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያም መርከቦቹ በማላካ በኩል ያልፋሉ። በዚህ መንገድ ሁሉ ላይ ኃይለኛው የጦር መርከብ የአሜሪካ ነው። ቤይጂንግ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ከሩሲያና ከካዛክስታን በየብስ ቧንቧ አስገብታለች፥ ጋኖቿን ትሞላለች፥ በ2024 በቻይና ከተሸጡት አዲስ መኪናዎች ግማሽ ያህሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ወይም ከቤንዚን ጋር ቀላቅለው የሚሞሉ ነበሩ። ይህን ሁሉ ስለ አየሩ ንጽሕና ብቻ ብላ ያደረገችው የሚመስለው ካለ የዋህ ነው። ለሰላም ግን ከብዙ የጦር መርከብ ይልቅ ይህ ሳይጠቅም አይቀርም፤ የሚከለከለው ያነሰ ሰው የሚፈራውም ያንሳልና።

በእኛ አካባቢ ነገሩ በትንሹ ይታያል። ደቡብ ሱዳን በጁላይ 2011 ነጻ ስትወጣ ከሱዳን ዘይት ሦስት አራተኛ ያህሉን ይዛ ወጣች፤ ቧንቧውና ወደቡ ግን በሰሜን ቀሩ። በማስተላለፊያው ኪራይ ሳይስማሙ ቀርተው ጁባ በጃንዋሪ 2012 ጉድጓዶቿን ዘጋች፤ በኤፕሪል ጦሯ ሔግሊግን ያዘ። አንዱ ዘይት፥ ሌላው ቧንቧ ይዞ ሁለቱም ተራቡ። ስምምነቱ የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በሴፕቴምበር 27 ቀን 2012 ነው።

የእኛስ ቤት? በጥቅምቱ የ1973 የዐረብና የእስራኤል ጦርነት ምክንያት ዘይት ሻጮቹ ሲያግዱ፥ የበርሜሉ ዋጋ ከ3 ዶላር ተነሥቶ በጥቂት ወር ወደ 12 ተጠጋ። ጦርነቱ ሲና ላይ ነበር፤ የቤንዚን ዋጋ በግማሽ በመጨመሩ ግን በየካቲት 1966 ዓ. ም. (በእኛ አቈጣጠር) የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም አብረው ወጡ፤ በዚያው ዓመት ምን እንደ ተከተለ ሁላችን እናውቃለን። የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ የተጣራውን ቤንዚንና ናፍጣ ከውጭ እንገዛለን፤ አብዛኛውም በጂቡቲ በኩል በቦቴ ይጫናል። በኖቬምበር 2023 የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦችን መምታት ሲጀምሩ፥ ሰፊ አገር ያላቸው ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፤ ለጂቡቲ ግን የሚዞርበት ሌላ በር የለም። በ2024 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ማዳበሪያውንና ስንዴውን ከወደብ የሚያመጣው ከባድ መኪና ግን የሚሄደው በናፍጣ ነው።