ዘማቹን የሚሸኝ ቤት

ወታደር ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም። በእግር ባይከተሉትም እናቱ፥ ባለቤቱና ልጆቹ በልባቸው አብረውት ይዘምታሉ። ስለ ጀግናው ብዙ ተጽፏል፤ ጀግናውን አሰናድቶ ስለሚሸኘው ቤት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ከአንባብያን ጋር ስለዚሁ ቤት ጥቂት ልንነጋገር ወደድን።

በቀድሞው ዘመን ዘመቻ የመላው ቤተ ሰብ ሥራ ነበር። የክተት ዐዋጅ በተነገረ ጊዜ ባል ጦሩንና ጋሻውን ሲያነሣ ሚስት ስንቁን ታሰናዳለች። ብዙዎች ሴቶችም ሠራዊቱን ተከትለው እየተጓዙ እህል ሲፈጩ፥ እንጀራ ሲጋግሩ፥ ውኃ ሲያቀርቡና ቁስለኛ ሲያስታምሙ ይከርሙ ነበር። በ1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው ወደ ዐድዋ መዝመታቸው የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ የምትጨነቅ ሚስት ቢያንስ ጭንቀቷን በእጅዋ ሥራ ታስታግሠው ነበር።

በ1943 ዓ.ም. ግን በዘማቹና በቤቱ መካከል ባሕር ገባ። በልዑል ራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም የተሰየመው፥ ከክብር ዘበኛ የተመረጠው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፥ ሚያዝያ 8 ቀን በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ኮርያ አመራ። ፑሳን ወደብ የደረሰው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለ ነበር ለዘማቹ የሚሰነቀው ዳቦ ቆሎና በሶ ነበር እንጂ ቋንጣና ጭኮ አልነበረም። የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 21 ቀን ሲውል ሠራዊቱ ገና በባሕር ላይ ነበር፤ በቤቱም የአባወራው መቀመጫ ባዶውን ዋለ።

ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ የነበሩ፥ ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ አባት ስለዚያ በዓል አጫውተውናል። እናታቸው ልጁ እንዳይደነግጥ ብለው «አባትህ ለሥራ ሐረር ሄዷል፤ ለፋሲካ ይመጣል» ብለዋቸው ነበር። እውነቱን የሰሙት ውኃ ሊቀዱ ወርደው ከጎረቤት ልጆች ነው። የፋሲካ ዕለት ዶሮው ቀርቦ «ብላ» ቢባሉ እንቢ አሉ። እናታቸው ያዘኑት በዚያ ብቻ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከኮርያ ደብዳቤ መጣ፤ እናቲቱ ማንበብ ስለማይችሉ አንድ ጎረቤት አነበበላቸው፤ «ደኅና ነኝ» ይላል። ልጁ ግን አላመኑም። «አንባቢው ክፉውን እየዘለለ ደጉን ብቻ የሚያነብልን ይመስለኝ ነበር» አሉን። አባታቸው በ1944 ዓ.ም. በደኅና ተመልሰው በደጅ እስኪገቡ ድረስ ያ ልጅ ዓመት ሙሉ በልቡ ሲያለቅስ ኖረ። ለማጽናናት የተነገረው ሐሰት በኋላ የመጣውን እውነተኛ መጽናኛ አጠፋው።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። በመጀመሪያ፥ ለልጆች እንደ ዕድሜያቸው መጠን እውነቱ ይነገራቸው። ተናጋሪውም ዘማቹ አባት ራሱ ቢሆን ይሻላል፤ ልጅ ከአባቱ አፍ የሰማውን ከመንደር ወሬ አስበልጦ ይይዛልና።

ሁለተኛ፥ አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። ያለው ዕዳና ገንዘብ፥ ደመወዙን የሚቀበለው ሰው፥ ቤተ ሰቡ ቢቸገር የሚጠራው ዘመድ፥ ይህ ሁሉ ከጉዞው በፊት ይነገር። ስለ ሞት መናገር ሞትን መጥራት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ሳይናገሩ መለየት ሐዘኑን ሙግት ይጨምርበታል እንጂ አያስቀረውም። ቅሬታም ካለ ዕርቅ ይውረድ። ወደ ነፍስ አባት መሄድና ሥጋ ወደሙ መቀበልም ለዘማቹ ብቻ ሳይሆን ለቀሪዎቹም ስንቅ ነው።

ሦስተኛ፥ ደብዳቤ ሲጻፍ እውነት ይጻፍ፤ ይሁን እንጂ የሚያፈሰውን ጣራና የጎረቤቱን ጠብ ሁሉ መዘርዘር አይገባም። በጉድጓድ ውስጥ ያለ ወታደር ጣራ ሊከድን አይችልም። የልጁን የትምህርት ነገር፥ የላሚቱን መውለድ፥ የሚናፍቀውን የቤቱን ኑሮ ይስማ።

አራተኛው ለእኛ ለጎረቤቶች ነው። በመሸኛው ዕለት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ በሦስተኛው ወር ግን ደጁን የሚረግጥ ይጠፋል። ዘማቹ አደራ ያለው በመሸኛው ቀን ለተሰበሰበው ሕዝብ ነው፤ አደራው የሚፈተነው ግን ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ነው።

የኮርያ ጦርነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በተኩስ ማቆም ስምምነት ጋብ ባለ ጊዜ፥ ከኢትዮጵያውያን ዘማቾች ከ120 በላይ ሞተው ከ500 በላይ ቆስለው ነበር። በአዲስ አበባ መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፉትን እያሰብን ስናልፍ፥ ከእያንዳንዱ መቃብር ኋላ ስንቅ ያሰናዳች አንዲት ሴት፥ በር ላይ ቆሞ የቀረ አንድ ልጅ እንደ ነበረ እናስታውስ። ዛሬም ወደ ጦር ግንባር የሚሄድ ሰው ያለበት ቤት በሰፈራችን ቢኖር፥ እንጀራ ይዘን እንግባ፤ ልጆቹንም በስማቸው እንጥራቸው።