የ459ኛው ሎጅ ወንድሞች

አንባቢ ሆይ፤ ፍሪሜሶን ሲባል ምስጢሩን ለማወቅ ይጓጉ ይሆናል። የምንነግርዎ ግን ሌላ ነው።

በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ፣ ቦስተን በምትገኝበት በሰፎክ አውራጃ፣ ፕሪንስ ሆል የተባለ ጥቁር ሰው ከ14 ባልንጀሮቹ ጋር ፍሪሜሶን ሆነ። ነጮቹ ማኅበርተኞች ግን «ወንድም» ሊሏቸው አልወደዱም። ወደ ለንደን ጻፉ፤ በ1784 (እ.ኤ.አ.) «የአፍሪካ ሎጅ» ተብለው በቁጥር 459 ተፈቀደላቸው።

በ1788 ሦስት ነጻ ጥቁሮች ተታለው በመርከብ ለባርነት ተወሰዱ፤ አንደኛው ማኅበርተኛ ነበረ። ፕሪንስ ሆልና ወንድሞቹ ለምክር ቤቱ አቤት አሉ። የባሪያን ንግድ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ሰዎቹም በሕይወት ተመለሱ። ከሽርጡና ከምልክቱ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ለንደን በ1813 ስማቸውን ከመዝገብ ፋቀች፤ ዳግመኛ የተቀበለቻቸው በ1994 ነው። በፕሪንስ ሆል ስም የሚጠራው ታላቅ ሎጅ ዛሬም በዚያችው በቦስተን አለ።